ሚኔቶንካ ላይ ዋልአይ እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ማውጣቱን፣ ክር መቋጠሩን፣ ዘንግ መወርወሩን ታውቁበታላችሁ ብዬ ልለፈው። ይሄ የሚኒሶታ ልጆችን ነው የሚመለከተው፤ በተለይ ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ ነድተው ሚኔቶንካ ሐይቅ ዳር ግማሽ ቀን ቆመው "እዚህ ዋልአይ የሚባል ዓሣ የለም" ብለው የሚመለሱትን። አለ። ስቴቱ ራሱ ጫጩቱን ይለቅበታል። ሐይቁ ስሙ የወጣው ባስ በሚባለው ሌላ ዓሣ ስለሆነ ሁላችንም ባስ እንደምናጠምደው እናጠምደዋለን፤ ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ምልክት፦ ቀኑን ሙሉ ባስ ብቻ ይወጣል

የሚደወልልኝ ስልክ አብዛኛው ይሄ ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ ስንት ሰዓት ሄድክ? መልሱም አንድ ነው፤ ቀን።

የዋልአይ ዓይን ከውስጥ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። ማታ ባትሪ ብታበሩበት እንደ ጅብ ዓይን ቦግ ይላል። ሲጨልም እሱ ያያል፣ የሚበላው ትንሽ ዓሣ አያይም፤ ስለዚህ ገበያው ማታ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ወደ ጥልቁ ወርዶ ዝም ይላል። ሚኔቶንካ ላይ ይባስ ብሎ በ2010 ዜብራ መስል የሚሏት ጥፍር የምታክል ባለ ዛጎል ተገኘች። ውሃውን እያጣራች ነው የምትበላው። እሷ ስትበዛ ውሃው ይጠራል፣ ብርሃኑም ወደ ታች ይዘልቃል። እናንተ ውሃው እንዴት ያምራል ስትሉ ዋልአይ ጨለማ ፍለጋ ሄዷል።

አንድ ወዳጄ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ሁሉ ጭኖ መጣ። በእኛ አቆጣጠር ቀን ሰባት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። የጀልባ ማቆሚያው እንጨት ስር እየወረወረ ሁለት ባስና አንድ ባልዲ ሙሉ ጥቃቅን ዓሣ አወጣ። ሐይቁን ረገመው። ረቡዕ ማታ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እጁን ይዤ ከዚያው እንጨት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሹል ሆኖ ወደ ውሃው የገባ መሬት አለ፣ እዚያ አቆምኩት። በሦስተኛው ውርወራ ዋልአይ። ማመን አቃተው። የሚቀጥለው እሑድስ? ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ከእንጨቱ ስር አገኘሁት።

መፍትሄው እንግዲህ ይሄ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ከጠለቀች በኋላ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ሥራ የማይፈቅድላችሁ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ሞክሩት። አረሙ ውስጥ አትወርውሩ፣ አረሙ የባስ ሰፈር ነው። አረሙ የሚያልቅበትን ጠርዝ ፈልጉ፤ ከ12 እስከ 18 ጫማ ጥልቀት አካባቢ ነው የምጀምረው፣ በደንብ ሲጨልም ወደ ዳር ጠጋ እላለሁ። ነፋስ ካለ ነፋሱ የሚመታው ዳር ላይ ቁሙ፤ ፊታችሁን ይገርፋችኋል፣ ቻሉት፣ ማዕበሉ ብርሃኑን ይሰብርላችኋል። ከሁሉም በላይ ቀስ በሉ። ባስ የሚሮጥ ነገር ያባርራል። ዋልአይን ግን ጂጉ፣ ማለት አናቱ ላይ ክብደት ያለው መንጠቆ፣ መሬት እስኪነካ ጠብቃችሁ፣ ትንሽ ጎተት አድርጋችሁ፣ እንደገና ጠብቃችሁ ነው። ሲጋራ የምታጨሱ ለዚህ ትዕግሥት ትሻላላችሁ፣ ሌላ ነገር ላይ እንኳን አይደለም።

ምልክት፦ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሲሳብ ባዶ ነው

ዋልአይ እንደ ባስ አይነጥቅም። ምጥጥ አድርጎ አፉ ውስጥ ያስገባና ከከበደው ይተፋዋል። በወፍራም የባስ ክርና በከባድ ጂግ ይሄ አይሰማችሁም። 6 ፓውንድ የሚችል ክር፣ አንድ ስምንተኛ አውንስ ጂግ ይበቃል። ጠቅ ሲል አትመንጭቁ። የዘንጉን ጫፍ ወደ ዓሣው ዝቅ አድርጉ፣ ክብደቱ ሲሰማችሁ ቀና አድርጉት።

መንጠቆውን አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ጎተት አድርጉት። ከያዘ ደህና ነው፣ ከተንሸራተተ ጣሉት። ሃምሳውን በአንድ ከረጢት በርካሽ የሚሸጡትን ገዝቼ ግማሹ ከአዲስነቱ ደነዝ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ስጦታ ቢሆን እንኳ አልቀበልም።

ምልክት፦ ምንም አይነካውም

መንጠቆው ላይ የምትሰኩትን አልቅት እዩት። አዎ፣ አገር ቤት በትምባሆ ከከብት ጉሮሮ የምናስለቅቀውን አልቅት እዚህ በዶላር እየገዛን ነው። መንጠቆውን በሰፊው በኩል፣ በሚጣበቅበት ጫፍ አስገቡት፤ እየዋኘ መዘርጋት አለበት። ውሃው ቀዝቅዞ እንደ ኳስ ከተጠቀለለ ሥራ የለውም፣ በትንሽ ዓሣ ቀይሩት። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት። እኔ ረስቼው ሽታው ሁለት ሳምንት አልወጣም፤ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳዋለች።

ክሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል? ፓይክ የሚባለው ሌላ ዓሣ ነው፣ ጥርሱ ነው፤ ዕድላችሁን አማርሩ። ክሩ ሻክሯል? ዛጎሉ ፈግፍጎታል፤ አንድ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉና እንደገና እሰሩ።

ምልክት፦ አውራ ጣት ይደማል

ባስ በታች ከንፈሩ ይያዛል፣ ዋልአይ አይያዝም። ጥርስ አለው። የጉንጩ ሽፋን ጠርዝም ይቆርጣል፣ የጀርባው እሾህም ይወጋል። ይሄን ስንቴ እንደተናገርኩ! ባለፈው እንኳ አንዱ ፎቶ ለመነሳት አውራ ጣቱን ዓሣው አፍ ውስጥ ከትቶ በጨርቅ ጠምጥመን ወሰድነው። መረብና ጓንት ያዙ።

ሌላም አለ። የተረፈውን አልቅትና ዓሣ ሐይቅ ውስጥ አትድፉ፣ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚጣለው። ጀልባ ያላችሁ ከሐይቁ ስትወጡ መድፈኛውን ነቅላችሁ ውሃውን አፍስሱ። ሕግ ነው። ውሃውን ሳታፈስሱ ከሄዳችሁ ዜብራ መስሏን ወደ ሌላ ሐይቅ ታዛምቷታላችሁ። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ዋልአይ ዝግ ነው። ስንት መያዝ እንደሚቻል የዘንድሮውን ደንብ አንብቡ፣ "አምና እንዲህ ነበር" አይሠራም።

ምልክት፦ ጥብሱ ይሸታል

ዓሣውን በሞቀ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሦስት ሰዓት አቆይታችሁት ነው። የበረዶ ሣጥን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከውሃ እንደወጣ በረዶ ውስጥ ይግባ። ዋልአይ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምራችሁ ትኩስ ዘይት ላይ ብታሳርፉት ይበቃዋል፣ በርበሬ አታብዙበት።