የኮሌጅ የማጥቃት መስመር ተጫዋችን ለኤንኤፍኤል (ለአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ) እንዴት እንመዝን?

በአሜሪካ ፉትቦል የማጥቃት መስመር ተጫዋች ኳሷን እምብዛም ስለማይዝ፣ ብቃቱን ከቁጥር ሰንጠረዥ ከመፈለግ ይልቅ የጨዋታ ቪዲዮውን ደጋግሞ ማየት ይቀድማል። ዓይንዎን ከኳሷ አንስተው እግሮቹ ላይ ያሳርፉ። ኳርተርባኩን (ማጥቃቱን የሚመራውን ኳስ ወርዋሪ) ለመጠበቅ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ እርምጃው አጭርና የተመጣጠነ መሆኑን፣ ከወገቡ ሳይሆን ከጉልበቱ መታጠፉን፣ ተጋጣሚው በድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ሚዛኑን ሳይስት መከተሉን ያረጋግጡ። ቀጥሎ እጆቹን ይመልከቱ፤ መዳፉን ቀድሞ በተጋጣሚው ደረት ላይ የሚያሳርፍ ትግሉን በጅምሩ ይቆጣጠራል፣ ዘግይቶ ትከሻ የሚያቅፍ ግን ለቅጣት ይጋለጣል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማጠናው የተበለጠባቸውን ቅጽበቶች ነው፤ ወደ ኋላ ከተገፋ በኋላ ዳሌውን ዝቅ አድርጎ ዳግም መቆም የሚችል ተጫዋች ብርቅ ነውና። የተጋጣሚዎቹን ደረጃም ያገናዝቡ።

በየዓመቱ በኢንዲያናፖሊስ በሚካሄደው የኤንኤፍኤል እጩ ተጫዋቾች ምዘና ከ40 ያርድ ሩጫ ይልቅ የመጀመሪያዎቹ 10 ያርዶች ፍጥነት ይበልጥ ይጠቅማል። ረጅም ክንድ ለታክል (በመስመሩ ጫፍ ለሚሰለፈው) እጅግ ይፈለጋል፤ አጭር ከሆነ ወደ ጋርድ (ከታክል በስተ ውስጥ ወዳለው) ቦታ ማዛወር የተለመደ ነው። ሆኖም ልኬት ብቻውን አይፍረድ፦ ለሴንተር (ለመስመሩ መሃል ተሰላፊ) ቀላል ክብደት የነበረው ጄሰን ኬልሲ በ2011 በሊጉ ዓመታዊ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) በ6ኛው ዙር ተመርጦ፣ በፍጥነቱና ጨዋታን በማንበብ ችሎታው 6 ጊዜ በሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተካትቷል።