የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ቧንቧ ሲጠገን ዩኒየን ማስገባት

በድሬዳዋ ሙቀት ፓምፑ ለጥቂት ቀናት ከቆመ የገንዳው ውሃ ቶሎ አረንጓዴ ስለሚሆን፣ የተሰነጠቀውን የፒቪሲ ቧንቧ ስትጠግኑ በመሳቢያውም በመግፊያውም በኩል ከፓምፑ አጠገብ አንድ አንድ ዩኒየን (በዳዶ የሚታሰርና የሚፈታ የቧንቧ መገጣጠሚያ) እንድታስገቡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ፓምፑ ዳግመኛ ሲበላሽ ቧንቧ ሳይቆረጥ ሁለት ዳዶ በመፍታት ብቻ ይወጣልና። አስቀድማችሁ ኤሌክትሪኩን አጥፉ፣ ቫልቮቹንም ዝጉ። ቧንቧውን በሴጌቶ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጫፉንም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዳዶው ነው፤ ሙጫ ከመቀባታችሁ በፊት ቧንቧው ላይ ካላጠለቃችሁት በኋላ የሚገባበት መንገድ የለም። ሙጫው በሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ሥራውን ማለዳ መጀመር ይሻላል። በዩኒየኑ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ሙጫ ሳይነካው በቦታው መቀመጡን በጣታችሁ ዳስሳችሁ ዳዶውን በእጅ አጥብቁ። በመሳቢያው በኩል የላላ ዩኒየን ፓምፑ ሲሠራ አየር ስለሚስብ፣ በፓምፑ ክዳን ሥር አረፋ ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ፈትሹ።