በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከሜኑ የጠፋን ነገር እንዴት መመለስ ይቻላል?

ትናንት ስታርት ሜኑ ውስጥ የነበረው ፕሮግራም ዛሬ የለም። ወይም «ራን»፣ «ሰርች»፣ «ኮንትሮል ፓናል» የሚሉት ጠፍተዋል። ከዚያም ብሶ «ኦል ፕሮግራምስ» ሲከፈት ባዶ ነው። ሰው ቢጠይቁ ወዲያው የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። እባክዎ አይቸኩሉ። የዓመታት ፎቶግራፍና ጽሑፍ የያዘን ኮምፒውተር ከሜኑ አንድ ስም ስለጎደለ ብቻ ማጥፋት ያሳዝናል፤ አብዛኛውን ጊዜም አያስፈልግም።

ሜኑ ላይ የሚያዩት ስም ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም። ወደ ፕሮግራሙ የሚያደርስ ሾርትከት ነው፤ መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎባይት አይበልጥም። ስለዚህ ስሙ ጠፋ ማለት ፕሮግራሙ ጠፋ ማለት አይደለም። ምናልባት ተደብቋል፣ ምናልባት ሾርትከቱ ተሰርዟል፣ ምናልባት እንዳይታይ ተከልክሏል፣ ወይም በእርግጥም ፕሮግራሙ ወጥቷል። መፍትሔው በእነዚህ ላይ ስለሚወሰን የትኛው እንደሆነ መለየት ይቀድማል። ከታች ያለው ለዊንዶውስ ኤክስፒ እና ለዊንዶውስ 7 የሚሆን ነው። የሚለያዩበት ቦታ ሲደርስ ለይቼ እናገራለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀድሜ ልስጥ፦ ምክንያቱን ሳያውቁ የጽዳት ፕሮግራም አያስነሱ፤ ጊዜያዊ ፋይሎችንም አይሰርዙ። ለምን እንደሆነ አራተኛው ደረጃ ላይ ያገኙታል።

1. ፕሮግራሙ መኖሩን ያረጋግጡ

«ማይ ኮምፒውተር»ን (በዊንዶውስ 7 «ኮምፒውተር» ይባላል) ከፍተው ወደ ሲ ድራይቭ ይግቡና «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚለውን ፎልደር ይክፈቱ። የጠፋው ፕሮግራም ወይም የሠራው ድርጅት ስም ያለበት ፎልደር ይፈልጉ። ዊንዶውስ 7 ባለ 64 ቢት ከሆነ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ፎልደሮች ስላሉ ሁለቱንም ይዩ። ውስጡ ገብተው ዓይነቱ «አፕሊኬሽን» የሚል ፋይል ካገኙ ሁለት ጊዜ ይጫኑት። ከተከፈተ ግማሹ ጭንቀት አለቀ፤ የጠፋው መንገዱ ብቻ ነው። ፎልደሩ ጭራሽ ከሌለ ግን ሜኑውን መነካካት አይጠቅምም፣ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ነው።

የዊንዶውስ የራሱ ጨዋታዎች ከሆኑ የጠፉት ነገሩ ሌላ ነው። በዊንዶውስ 7 ፕሮፌሽናል ላይ ጨዋታዎቹ ከመጀመሪያውም ጠፍተው ነው የሚመጡት። ኮንትሮል ፓናል ውስጥ «ፕሮግራምስ» ከሚለው ሥር የዊንዶውስ ክፍሎችን ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ እዚያ ምልክት ማድረግ ይበቃል። በኤክስፒ ደግሞ «አድ ኦር ሪሙቭ ፕሮግራምስ» ውስጥ ገብተው የዊንዶውስ ክፍሎችን መጨመሪያና መቀነሻውን ይጠቀሙ።

2. የተጠቀለለ ወይም የተደበቀ ብቻ እንዳይሆን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የቆዩ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የማንጠቀምበትን ትእዛዝ ከሜኑ ላይ ይሰበስቡታል። ዎርድ 2003ን ሲከፍቱ አንድ ትእዛዝ ካጡ የሜኑውን ታችኛ ጫፍ ይዩ፤ ወደ ታች የሚያመለክት ድርብ ቀስት ካለ እሱን ሲጫኑ የቀረው ይዘረጋል። ለዘለቄታው ደግሞ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ከስተማይዝ»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ» ገብተው ሙሉ ሜኑ ሁልጊዜ እንዲታይ በሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። በኤክስፒ ክላሲክ ስታርት ሜኑ ላይም «ፐርሰናላይዝድ ሜኑስ» የሚባል ይኸው ጠባይ አለ፤ ምልክቱን ያንሱለት።

«ፋይል»፣ «ኤዲት»፣ «ቪው» የሚሉት ያሉበት መስመር በሙሉ ከጠፋ የአልት ቁልፍን አንድ ጊዜ ይጫኑ። በዊንዶውስ 7 ፎልደሮች ላይ መስመሩ ከመጀመሪያውም ተደብቆ ነው የሚመጣው። ቋሚ እንዲሆን ከፈለጉ «ኦርጋናይዝ» ውስጥ «ሌይአውት»ን ከፍተው «ሜኑ ባር»ን ይምረጡ።

ከስታርት ሜኑ በስተቀኝ በኩል ያሉት (ኮንትሮል ፓናል፣ ራን፣ የፕሪንተሮች ዝርዝር) ከሆኑ የጎደሉት፣ ስታርት ቁልፉ ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ከስተማይዝ» ይበሉ። በኤክስፒ ተጨማሪ «አድቫንስድ» የሚል ገጽ አለ። አንዳንዱ ነገር እንዳይታይ፣ እንደ ሊንክ እንዲታይ ወይም እንደ ሜኑ እንዲዘረጋ መምረጫ አለው፤ እንደ ራን ያለው ግን ምልክት ብቻ የሚደረግበት ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ሁሉንም ወደ ነበረበት የሚመልስ ቁልፍም እዚያው ተቀምጧል።

3. ሾርትከቱ ከተሰረዘ መልሰው ይሥሩት

«ኦል ፕሮግራምስ» ውስጥ የሚታየው ዝርዝር ከሁለት ፎልደሮች ተቀላቅሎ የሚመጣ ነው። አንደኛው የኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚጋሩት፣ ሁለተኛው የእርስዎ ብቻ የሆነው። ይህን ማወቅ ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ፕሮግራሙ ሲጫን ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ተብሎ ከነበረ፣ ሌላው የቤተሰብ አባል በራሱ ስም ሲገባ አያየውም። ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ሾርትከቱ የተቀመጠው በአንዱ ፎልደር ብቻ ነው።

ፎልደሮቹን ለማግኘት መንገድ መሸምደድ አያስፈልግም። ኤክስፒ ላይ ስታርት ቁልፉን በቀኝ የማውስ ቁልፍ ሲጫኑ «ኤክስፕሎር» እና «ኤክስፕሎር ኦል ዩዘርስ» ይመጣሉ። ዊንዶውስ 7 ላይ ደግሞ «ኦል ፕሮግራምስ» የሚለውን ጽሑፍ ራሱን በቀኝ ሲጫኑ «ኦፕን» እና «ኦፕን ኦል ዩዘርስ» ያገኛሉ። ከዚያ፦

በመጀመሪያው ደረጃ ያገኙትን «አፕሊኬሽን» ፋይል በቀኝ ይጫኑ፤ «ሴንድ ቱ» ብለው ዴስክቶፕ ላይ ሾርትከት ይፍጠሩ። ሾርትከቱን ቆርጠው «ፕሮግራምስ» ፎልደር ውስጥ ይለጥፉት። ሁሉም የቤተሰብ አባል እንዲያየው ከፈለጉ የጋራው ውስጥ፣ ለራስዎ ብቻ ከሆነ የግልዎ ውስጥ። ፋይሉን ራሱን ግን ከቦታው አያንሱ፤ ከጎኑ ያሉትን ፋይሎች ስለሚፈልግ ብቻውን ሲወጣ ላይሠራ ይችላል።

4. ሜኑው በሙሉ ባዶ ከሆነ

«ኦል ፕሮግራምስ» ሲከፈት ሁሉም ፎልደር «ኤምፕቲ» የሚል ከሆነ፣ ዴስክቶፑም ተራቁቶ «ሀርድ ዲስክዎ ተበላሽቷል፣ ለመጠገን ይክፈሉ» የሚል መስኮት ከመጣ፣ ይህ የሀርድ ዲስክ ብልሽት ሳይሆን ማጭበርበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ በስፋት የተሠራጩ፣ የጥገና ፕሮግራም መስለው የሚገቡ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች ነበሩ። የሚያደርጉት ፋይሎችን ሁሉ «ሂደን» ማድረግና የሜኑውን ሾርትከቶች ወስደው ጊዜያዊ ፋይሎች ከሚቀመጡበት «ቴምፕ» ፎልደር ውስጥ መደበቅ ነው። አሁን የጽዳት ፕሮግራም አያስነሱ ያልኩበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል፦ ቴምፕን ያጸዳ ሰው ሾርትከቶቹን በገዛ እጁ ያጠፋቸዋል። በቅን ልብ ኮምፒውተራቸውን ለማዳን ሲሉ እንዲህ ያደረጉ ሰዎች አይቻለሁ።

ገንዘብ አይክፈሉ። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው ገና ሲነሳ ኤፍ 8 ቁልፍን እየደጋገሙ ይጫኑና ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑ ነገሮች ብቻ ወደሚነሳበት «ሴፍ ሞድ» ይግቡ። በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ያወረዱትን የጸረ ቫይረስ መቃኛ በፍላሽ አምጥተው ኮምፒውተሩን ያጽዱ፤ ጊዜያዊ ፋይሎችን ልሰርዝ ብሎ ከጠየቀ ግን ይከልክሉት። ቫይረሱ ሳይወጣ ሜኑውን መጠገን ከንቱ ድካም ነው፣ መልሶ ያበላሸዋል።

ከዚያ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቪው» ገብተው የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ። የራስዎን ዶክመንቶች ፎልደር በቀኝ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሂደን» የሚለውን ምልክት ያንሱ፤ ለውስጡ ፋይሎችም ይሁን ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ ይበሉ። የሲስተም ፎልደሮችን እንደዚያ አያድርጉ፤ አንዳንዱ የተደበቀው በምክንያት ነው። በመጨረሻ ወደ ቴምፕ ፎልደር ሄደው በላቲን ፊደል ኤስ፣ ኤም፣ ቲ፣ ኤም፣ ፒ ተብሎ የተሰየመ ፎልደር ይፈልጉ። ውስጡ በቁጥር የተሰየሙ ፎልደሮች አሉ፦ 1 የጋራው ስታርት ሜኑ ነው፣ 4 የጋራው ዴስክቶፕ ነው። ይዘታቸውን ቀድተው ወደየቦታቸው ይመልሱ።

5. እንዳይታይ ከተከለከለ

«ቱልስ» ውስጥ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ጠፍቶ ከሆነ፣ ወይም የዊንዶውስ ቁልፍንና የአር ቁልፍን አንድ ላይ ሲጫኑ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ባለ ገደብ ምክንያት ሥራው ተሰርዟል የሚል መልእክት ከመጣ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ቫይረስ ክልከላ ጽፏል ማለት ነው። በፍላሽ የሚዛመቱ የድሮ ቫይረሶች «ፎልደር ኦፕሽንስ»ን የሚደብቁት የተደበቁ ፋይሎቻቸውን እንዳያዩባቸው ነው። እዚህም ቫይረሱን ማጽዳት ይቅደም።

ክልከላው የሚጻፈው ሬጅስትሪ ውስጥ ነው፤ ሬጅስትሪ ማለት ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ ነው። ኤክስፒ ሆም እንዲህ ያሉ ክልከላዎች የሚስተካከሉበት «ግሩፕ ፖሊሲ» የሚባለው መሣሪያ ስለሌለው በቀጥታ ሬጅስትሪውን መክፈት ግድ ይላል። ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ «ሬጅኤዲት» የሚለውን ፋይል ያስነሱ። ምንም ከመንካትዎ በፊት ከ«ፋይል» ሜኑ «ኤክስፖርት» ብለው ቅጂ ያስቀምጡ፤ ይህን ደረጃ በፍጹም አይዝለሉ። ቀጥሎ «ከረንት ዩዘር»፣ «ሶፍትዌር»፣ «ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ»፣ «ከረንት ቨርዥን»፣ «ፖሊሲስ»፣ «ኤክስፕሎረር» እያሉ ይውረዱ። በስተቀኝ «ኖ» ብለው የሚጀምሩ፣ ከዚያም ራን፣ ፋይንድ ወይም ፎልደር ኦፕሽንስ የሚል የተቀጠለባቸው ስሞች ዋጋቸው 1 ሆኖ ካገኙ ወደ 0 ይቀይሯቸው። ስሙን የማያውቁትን ግን ይተዉት። ከዚያ ሎግ ኦፍ ብለው እንደገና ይግቡ። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከነበረ ክልከላው ሆን ተብሎ የተደረገ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ኃላፊውን ይጠይቁ።

6. ይህ ሁሉ ካልሠራ

አዲስ የተጠቃሚ ስም ከፍተው ይግቡበት። እዚያ ሜኑው ሙሉ ከሆነ የተበላሸው የድሮው ፕሮፋይል ነው፤ ዶክመንቶችዎን ወደ አዲሱ አዛውሩ። እዚያም ከጎደለ ችግሩ ከመታየቱ በፊት ወደነበረ ቀን በ«ሲስተም ሪስቶር» ይመለሱ። ኤክስፒ ላይ ሴፍ ሞድ ሲገቡ በሚመጣው ጥያቄ «ኖ» ካሉ ቀጥታ ወደዚያ ይወስድዎታል። ሪስቶር የግል ጽሑፎችንና ፎቶዎችን አይነካም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ግን ያነሳል።

ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 14 ቀን 2020 ነው። የደህንነት ማሻሻያ ስለማይመጣላቸው ከተቻለ ኢንተርኔት ላይ አያገናኟቸው፤ የሚሰኩባቸውን ፍላሾችም አስቀድመው ያስቃኙ።

ሜኑው ሲስተካከል ደግሞ ሁለቱን የ«ፕሮግራምስ» ፎልደሮች ወደ ፍላሽ ይቅዷቸው። ሁለቱም ተደምረው ከአንዲት ፎቶ የሚበልጥ ቦታ እምብዛም አይዙም። ሾርትከት እንደገና ቢጠፋ ከዚያ ላይ አንስቶ መለጠፍ ብቻ ይሆናል ሥራው።