«ኢንሴፕሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቦታው እንዴት እንጠቀምበታለን?

የፕሮጀክት ሪፖርት ወይም የድርጅት መግለጫ በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው «ሲንስ ኢትስ ኢንሴፕሽን» (ከተመሠረተ ጀምሮ) የምትለውን ሐረግ ሳይነካት አይቀርም። ያለቦታዋ ስትገባ ግን ጥሩውን ጽሑፍ ታበላሻለች።

1. ትርጉሙን ያዙ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ «መያዝ» ማለት ነው። እኛም «ሥራ ያዝኩ» ስንል መጀመራችንን መናገራችን አይደል? በአማርኛ «ምሥረታ» ይቀርበዋል። ሲነበብ ድምፁ «ሴፕ» ላይ ይጠነክራል።

2. የሚመሠረት ነገር መሆኑን አረጋግጡ። ተቋም፣ ፕሮጀክት፣ ፖሊሲ፣ ውል ኢንሴፕሽን አላቸው። ዝናብና ምሳ የላቸውም፤ ለእነሱ «ስታርት» ወይም «ቢጊኒንግ» ይበቃል። የበሽታ ምልክት ሲጀምር «ኦንሴት» ነው። ሐሳቡ ገና ተጸንሶ መሬት ካልነካ ደግሞ «ኮንሴፕሽን» ይባላል፤ «ጽንሰ ሐሳብ» የምንለውን አስታውሱ። በኢንሹራንስ ውል ላይ «ኢንሴፕሽን ዴት» ካያችሁ ሽፋኑ የሚጀምርበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ለደረሰ ጉዳት ካሳ አትጠብቁ።

3. ግሱን አስተካክሉ። «ሲንስ» ካለ ዋናው ግስ ብዙውን ጊዜ «ሀዝ» ወይም «ሀቭ» ይፈልጋል። «ዘ ፕሮጀክት ትሬይንድ ፋርመርስ ሲንስ ኢትስ ኢንሴፕሽን» ስህተት ነው፤ «ሀዝ ትሬይንድ» በሉት። «ኢትስ» ላይም አፖስትሮፍ (የ ’ ምልክት) አታስገቡ፤ ካስገባችሁ «እሱ ነው» ማለት ይሆናል።

4. ዓመቱን በጥንቃቄ ቀይሩ። እኛን ከሁሉም በላይ የሚጥለን ይህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ውሰዱ። የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም 1938 ናቸው፤ በፈረንጆቹ ግን ምሥረታው 1945፣ በረራው 1946 ነው። ስለዚህ «ሲንስ ኢትስ ኢንሴፕሽን ኢን 1945» ትክክል ነው፤ ስለ በረራ ከሆነ ግን «ስታርትድ ፍላይንግ ኢን 1946» ይባላል። ድርጅት ተቋቁሞ ሥራ እስኪጀምር ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ኢንሴፕሽን የሚቆጠረው ከተቋቋመበት ቀን ነው።

ለስሌቱ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ደምሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ወሩን ሳታውቁ ዓመቱን ብቻ ይዛችሁ አትደምሩ፤ የምሥረታ ሰነዱን አውጥታችሁ ቀኑን እዩ።

5. አንዴ ይበቃል። በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ካገኛችሁት ሁለቱን አውጡና ዓመቱን ብቻ ጻፉ፤ «ሲንስ 1945» ማለት ምንም አይጎድለውም።