የፈርቲሊቲ ክሊኒክ ሰራተኞች መጥፎ ዜና አነጋገርን እንዴት እናሰልጥናቸው?

መጥፎ ዜና የሚናገረው ዶክተሩ ይመስለናል ግን አይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርም ላብ ውስጥ የሚዳቀሉበት የመካንነት ህክምና) ላይ ብዙ ጊዜ ስልኩን አንስታ የምትደውለው ነርሷ ናት፣ አንዳንዴ ደግሞ የላቡ ኢምብሪዮሎጂስት (ጽንሱን ላብ ውስጥ የሚከታተለው ባለሙያ)፣ እነሱን ደግሞ መርፌና ሆርሞን እንጂ ይሄን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም። ስለዚህ ስልጠናውን ከነሱ ጀምሩ፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችዋንም አትርሱ፣ ታካሚዋ ውጤቱ ሳይነገራት «የሚቀጥለውን ቀጠሮ ልያዝልዎት?» የምትለው እሷ ናት።

መጀመሪያ እዛ ክሊኒክ የሚነገረውን መጥፎ ዜና ሁሉ ራሳቸው ይዘርዝሩ። እንቁላል ተወስዶ በማግስቱ አንዱም አልዳበረም፣ 5ኛው ቀን የደረሰ ኢምብሪዮ (ገና ማደግ የጀመረ ጽንስ) የለም፣ ፍሪዝ የተደረገው ሲቀልጥ አልተረፈም፣ ስፐርም አልተገኘም፣ የደም ምርመራው ኔጌቲቭ ነው፣ ወይ ደግሞ ፖዘቲቭ ሆኖ ከሳምንታት በኋላ አልትራሳውንዱ ላይ የልብ ምት የለም። ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ገና አፋችሁን ሳትከፍቱ ታካሚዋ ከፊታችሁ ታነበዋለች።

ቀጥሎ ስፓይክስ የሚባለውን ዘዴ አሳዩዋቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለካንሰር ሐኪሞች የወጣ ነው፣ 6 ደረጃ አለው፦ ቦታና ሰዓት ማመቻቸት፣ ምን እንደምታውቅ መጠየቅ፣ ምን ያህል መስማት እንደምትፈልግ መጠየቅ፣ መናገር፣ ስሜቷን መቀበል፣ ስለ ቀጣዩ መነጋገር። መሸምደዱ ብዙም አይጠቅምም። ስልክ ላይ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ቀድመው መሰራት አለባቸው፣ ማለትም ኢምብሪዮው ማህፀን ውስጥ ሲገባ «ውጤቱን ማን ይንገርዎት፣ ስንት ሰዓት፣ ስራ ላይ ቢሆኑስ?» ተብሎ ካርዷ ላይ ይጻፍ።

ከዛ አረፍተ ነገሩን ያዘጋጁ፣ ጽፈው ጮክ ብለው ያንብቡት። «ውጤቱ ደርሷል፣ እንደጠበቅነው አልሆነም። እርግዝና የለም።» በቃ። «የእርግዝና ሆርሞኑ ሌቭል ትንሽ ዝቅ ብሏል» ካላችሁ እሷ ተስፋ ይዛ ስልኩን ትዘጋለች። «ሰውነትዎ መድሀኒቱን እምቢ አለ» የሚለውንም ሰርዙት፣ ጥፋቱን እሷ ላይ ነው የሚጥለው።

አሁን ሮል ፕሌይ። 3 ሰው፦ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ታካሚ፣ አንዷ ተመልካች፣ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡ፣ ስልክ ላይ ፊት አይታይማ። ዜናው ከተነገረ በኋላ ነርሷ በልቧ እስከ 10 ትቁጠር፣ ምንም ሳትናገር። እዚህ ጋ ሁሉም ይወድቃል! 3 ሳይደርሱ «አይዞሽ እህቴ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ በሚቀጥለው ዙር...» ይጀመራል። ታካሚዋ ዝም ስትል እኮ የሚጨንቀን እኛን ነው። ደግሞ እስከ ዛሬ «እርስዎ» ስትባል ከርማ በድንገት «አንቺ» መባሉ ራሱ ያስደነግጣታል።

ሰራተኞቹ ውስጥ ራሷ በዚህ ህክምና ያለፈች ወይ እያለፈች ያለች ልትኖር ትችላለች፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ለብቻ ጠይቁ፣ የማትፈልግ ትመልከት፣ ምክንያት አትጠየቅ።

«ደረጃ ስለወጣሁ ነው? እቃ ስላነሳሁ ነው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፣ መልሱንም ይለማመዱት፦ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኢምብሪዮው ውስጥ ያለ የክሮሞዞም ችግር ነው። ስለ ቀጣይ ዙር በዛ ስልክ አታንሱ፣ ግን ፕሮጄስትሮኑን (ማህፀኑን ለእርግዝና የሚያዘጋጀውን ሆርሞን) ማቆም አለማቆሟን ሐኪሙ ያዘዘውን መንገር ግድ ነው፣ አለበለዚያ ማታ ቁጭ ብላ ራሷን መርፌ ትወጋለች። በማግስቱ ያችው ነርስ መልሳ ትደውል፣ ሌላ ሰው አይደለም።