የ«ፍሮዝን 2»ን ሙዚቃ በጥሞና ለማዳመጥ

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዲዝኒ የአኒሜሽን ፊልም፣ የ«ፍሮዝን 2»፣ የሙዚቃ አልበም ዘፈኖቹ እርስ በርስ የተሳሰሩበት ሥራ ስለሆነ፣ ከማዳመጥዎ በፊት ዘፈኖችን አቀላቅሎ የሚያጫውተውን ምርጫ ያጥፉ።

በመጀመሪያ እናት ለልጆቿ የምታዜመውን እሹሩሩ ግጥሙን ትተው ዜማውን ብቻ ማንጎራጎር እስኪችሉ ድረስ ይስሙት፤ ልጆች አብረዎት ካሉ ከእርስዎ ቀድመው ይይዙታል። ባልና ሚስቱ ደራሲዎች፣ ክሪስተን አንደርሰን-ሎፔዝና ሮበርት ሎፔዝ፣ ይህን ዜማ የሸሸጉት ለኋላ ነው፤ የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ኤልሳ ማንነቷን በምታገኝበት ትልቅ ዘፈን መገባደጃ ላይ ተመልሶ ሲመጣ፣ የእናትየው ድምፅ ከልጇ ድምፅ ጋር ይገናኛል። በእኔ ግምት የአልበሙ ምርጥ ቅጽበት ይህ ነው፤ ይሁንና እሹሩሩውን ሳያጠኑ ለደረሱበት ሰው ግማሽ ኃይሉን ያጣል።

ቀጥሎ ኖርዌጂያዊቷ ድምፃዊት አውሮራ የምታሰማውን፣ ቃል የሌለውንና ኤልሳን ከሩቅ የሚጠራትን የአራት ኖታ ጥሪ ይከታተሉ። ጥሪው ስለ ሙታን ከሚዜመው ጥንታዊ የላቲን ዜማ፣ ከ«ዲየስ ኢሬ»፣ መነሻ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ማራኪ ቢሆንም አንዳች ሥጋት ያዘለ ነው። ጥሪውን በጆሮዎ ከለዩ በኋላ ክሪስቶፍ ቤክ ወዳቀናበረው ድምፃዊ አልባ ሙዚቃ ይለፉ፤ እዚያም እነዚሁ አራት ኖታዎች በየትኛው የሙዚቃ መሣሪያ፣ በምን ፍጥነትና በምን የድምፅ ከፍታ እንደሚመለሱ በጆሮ ማዳመጫ ይፈልጉ።

በፊልሙ መዝጊያ የሚሰሙትን የሌሎች ድምፃውያን ቅጂዎች ግን ለመጨረሻ ያቆዩአቸው።