የእግር ቁስል አልድን ሲል፦ ከፋሻው በፊት የደም ሥሩን ይለዩ

ከጉልበት በታች የወጣ ቁስል ሁለት ሳምንት አልፎት ካልጠገገ ቅባት መቀያየሩን ይተዉና ምክንያቱን ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከቆዳው ሳይሆን ከደም ዝውውሩ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ይዩ። ደም መልስ ሥር ሲደክም ደሙ ወደ ላይ መውጣት ያቅተውና እግር ውስጥ ይጠራቀማል። ቁስሉ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ጥልቀት የለውም፣ ያዣል፣ ዙሪያው ይጠቁራል። ማታ ካልሲ ሲያወልቁ የላስቲኩ ምልክት ጎድጉዶ ይቀራል፤ ቅልጥምዎን በአውራ ጣት ተጭነው ቢለቁት ስርጉዱ ቶሎ አይሞላም።

ደም ቅዳ ሥር ሲጠብ ግን ቁስሉ ጣት ወይም ተረከዝ ላይ ይወጣል፤ ጠርዙ ተቆርጦ የወጣ ይመስላል። እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ጸጉሩ ይረግፋል። ሕመሙ ሌሊት ይብሳል፤ እግርን ከአልጋ ወደ ታች ማንጠልጠል ያስታግሰዋል።

የመጀመሪያው ዓይነት፣ የደም መልስ ቁስል ፈውሱ ጠበቅ ያለ ፋሻ ነው። ያው ፋሻ ሁለተኛው ዓይነት፣ የደም ቅዳ ቁስል ላይ ከታሰረ የተረፈውን ደም አግዶ እግር ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ እባክዎ በግምት አይሰሩ። ባለሙያ የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚለይ መሣሪያ) ለክቶ ለክንድ ግፊት ያካፍላል፦ ለምሳሌ 96 ለ120 ሲካፈል 0.8 ነው። ከ0.9 እስከ 1.3 ደህና ነው፤ ከ0.8 በታች ከሆነ ያለ ስፔሻሊስት ጠበቅ ያለ ፋሻ አይታሰርም፤ ከ0.5 በታች ከሆነ በአስቸኳይ ወደ ደም ሥር ሐኪም ይኬዳል። ስኳር ያለበት ሰው ሥሩ ስለሚደድር ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊያሳስት ይችላል፤ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቁስሉን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ አጥበው በማይጣበቅ ጎዝ ይሸፍኑ። የቡና ዱቄትና ቅቤ፣ በደግ ልብ ቢመጡም፣ ቁስል ላይ አይደረጉም።

ፋሻው ከተፈቀደ ከጣቶች ሥር ተጀምሮ ከጉልበት በታች ያበቃል፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሹን ይሸፍናል። ጣትዎ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው ይፍቱት። ይራመዱ፤ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነውና። ሲያርፉ እግርዎን ከልብዎ በላይ ከፍ አድርገው ለ30 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይተኙ።

አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው መቅላቱ ሲሰፋ፣ መግል ወይም ትኩሳት ሲመጣ ነው። በትክክል ታክሞ በ3 ወር ለውጥ ካላሳየ ካንሰር አለመሆኑን ለማረጋገጥ ናሙና ይወሰድ።

የደም መልስ ቁስል ከዳነም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። እንዳይመለስ ጠበቅ ያለ ካልሲ ጠዋት፣ እግርዎ ሳያብጥ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ ያጥልቁት።